እንቢ ማለት ያልሆነለት ፋክትና

ከሁሉ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ መጻፍ የምችል ሰው አይደለሁም። ከትምህርት ቤት የወጣሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ለከብት ሐኪሙ ሁለት ደብዳቤ ብቻ ሲሆን አንዱን ያረመችልኝ ባለቤቴ ጆሃና ናት፤ ሌላውን ሐኪሙ ራሱ አርሞ መለሰልኝ። የክለባችን ኮሚቴ ግን ለአጥቢያችን መጽሐፍ ስለ ፋክትና ሊሂ የሚጽፍ ሰው ሲፈልግ ያ ሁሉ ሰው ዞሮ እኔን ተመለከተ። ድሮ ይጽፉልን የነበሩት መምህር ሞተዋል። «ባት፣ አሥራ ሰባት ዓመት በመኪናህ ያመላለስከው አንተ ነህ፤ ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል?» አሉኝ። ሰው ማመላለስና ስለ ሰው መጻፍ አንድ ነው ወይ ልላቸው ፈልጌ ነበር። ስብሰባ ላይ ድምፄ አይወጣልኝም። ጎንበስ ብዬ ባርኔጣዬን ሳገላብጥ እንደተስማማሁ ቆጠሩት። አንድ ገጽ ነበር የተባልኩት፤ አልበቃኝም። ስለሱ ማሰብ ስጀምር እበሽቃለሁ፣ ስበሽቅ ደግሞ ማቆም አልችልም። የተሳሳትኩት ካለ እለፉኝ።

ፋክትና የጆሃና ታላቅ ወንድም ነው። ሚስት አላገባም። ከኛ ቤት አንድ ማሳ ተሻግሮ፣ በአባቱ ቤት፣ ከስምንት ላሞቹ ጋር ብቻውን ይኖራል። ትልቅ ሰው ነው፤ በር የሚገባው በጎኑ ነው። ከሁለት የፊት ጥርሱ በቀር አካሉ ላይ የጎደለ ነገር የለም። የጎደለው ሌላ ነው። እንቢ የምትለው ቃል ከአፉ አትወጣም። ሰው አንድ ነገር ሲለምነው ፊቱ ቀላ ይልና፣ እግሮቹን ያያል፣ ከዚያ «እሺ» ይላል። ነገሩ ይኸው ነው። እኔን አሥራ ሰባት ዓመት ያቃጠለኝም ይኸው ነው።

አጥቢያችን ኪልባርና ሁለት ክለብ አለው። ላይኛው ሰፈር ትንሽ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ኸርሊንግ ይጫወታል፤ ታችኛው ሰፈር በእጅም በእግርም የሚሄደውን የኛን ኳስ። ሁለት ክለብ ስላችሁ ሁለት ዓይነት ሰው እንዳይመስላችሁ። ያው አሥራ ስምንት ሰው ነው። ቅዳሜ ቀይ ማልያ ለብሶ በዱላ ይፈነካከታል፣ እሑድ አረንጓዴ ለብሶ በክርን ይደቃቃል። የዱላው አሰልጣኝ ዲንጆ ናቸው፤ የኳሱ አሰልጣኝ ፍሎሪ ናቸው። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ማክሰኞ ማታ የማን ልምምድ ነው በሚል ተጣልተው፣ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። መልእክት ሲኖራቸው የሚልኩት፣ ገምቱ በማን በኩል እንደሆነ።

«አንተ ልጅ፣» ይሉታል ዲንጆ፣ «ለዚያ ሰውዬ ማክሰኞ የኛ ቀን ነው በለው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ታውቀዋለህ። እናቴ የወለደችው።»

ፋክትና መልእክቱን ያደርሳል፣ የዚያኛውንም መልስ ይዞ ይመጣል፣ በመጨረሻ ማክሰኞን ለሁለቱም እሺ ብሎ ያርፈዋል። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ አሮጌ ፎርዴን አስነስቼ ከላይኛው ሜዳ አነሳውና ወደ ታችኛው ሜዳ እወስደዋለሁ። እሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፎ፣ በረጠበ ካልሲ፣ ማልያ ይቀይራል። አንዳንዴ ክርኑ ማጅራቴን ይመታኛል። መኪናዬ እስከ ዛሬ የመታሻ ዘይት ይሸታል፤ ጆሃና በዚህ መኪና ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብላ በእግሯ የሄደችበት ጊዜ አለ።

«አንዱን ምረጥ እንጂ!» አልኩት አንድ ቀን።

«ሁለቱም እኮ በትሕትና ነው የጠየቁኝ፣» አለኝ።

እንዲህ እያለ ጣቱን ሦስቴ፣ የትከሻ አጥንቱን አንዴ ሰበረ። የቀኝ ትከሻው ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ትከሻ አልሆነም። በዱላ አራት ፍጻሜ፣ በኳስ ሦስት ፍጻሜ ተጫወተ፤ ሰባቱንም ተሸነፈ። መጥፎ ተጫዋች ስለሆነ አይደለም። በነጋታው ለሌላው ጨዋታ ስለሚሮጥ ሁልጊዜ ግማሽ ሰው ነበር። በሃምሳ ስምንት የአውራጃው ቡድን ለሙከራ ጠራው። ቆይ፣ አልጨረስኩም። የዱላውም ቡድን ጠራው፣ የኳሱም ጠራው፣ ሁለቱም በአንድ እሑድ፣ በሁለት ከተማ። ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ለሁለቱም እሺ አለ። ግማሹን እዚህ ተጫውቶ፣ እንደ እብድ ነድቼ እዚያ ሳደርሰው ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እየነፋ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዳቸውም አልጠሩትም። እኔ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። እሱ «ጥሩ መንገድ ነበር፣ አየሩም ደህና ነበር» አለ።

አሁን ወደ ስልሳ ሰባት ልምጣ። ኮሚቴው እንድጽፍ የፈለገው እሱን ነው።

በዚያ ዓመት ፋክትና ሠላሳ አምስት ሞልቶታል። የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው ብሎ ነበር። የዱላ ቡድናችን ደግሞ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ያሸንፍ ጀመር። ኪልባርና ዋንጫውን የወሰደው በሃያ ስድስት ነው፤ ዲንጆ ያኔ ወጣት ሆነው የተጫወቱበት ነው። አርባ አንድ ዓመት! ከዚያ ቡድን በሕይወት የቀሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ዲንጆ አንዱ ናቸው። «አንዴ ልየውና ልሂድ» ይሉ ነበር።

በሰኔ አንድ ምሽት ፋክትና ከኛ ቤት ራት እየበላ ሳለ የካሪጋሉ ሰዎች መጡ። ካሪጋሉ ሌላ አጥቢያ ነው፣ ከተራራው ወዲያ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። የኳስ ውድድር አለን፣ ለአሸናፊው ቡድን ለእያንዳንዱ የግድግዳ ሰዓት ይሰጣል፣ የኋላ ተከላካያችን ሞርቲ ግን ጆሮ ደግፍ ይዞት ተኝቷል አሉ።

እኔ ከጠረጴዛው ሥር የፋክትናን እግር ረገጥኩ።

«በሞርቲ ስም ብትጫወትልን ማን ያውቃል?» አለ ትልቁ ሰውዬ። «ፊትህን ትንሽ ጎንበስ ካደረግህ።»

እንደገና ረገጥኩት። ስሙን ለውጦ ለሌላ አጥቢያ የተጫወተ ሰው ስድስት ወር ከሁለቱም ጨዋታ ይታገዳል፤ በነዚያ ስድስት ወራት እሱን ያሰለፈ ቡድን ሁሉም ድሉን ይነጠቃል። ይህን ደንብ በአገራችን የማያውቅ የለም፤ ድመቷም ታውቀዋለች።

«ባት፣ እግሬን እየረገጥከኝ ነው፣» አለ ፋክትና።

«ምን ሆኜ ነው የምረግጥህ?» አልኩ።

«ፈጥነህ ድንችህን ብላ፣ ወንድሜ፣ ይቀዘቅዛል፣» አለች ጆሃና፤ እሷም ልታስረሳው ነው። ሰዎቹ ግን አልሄዱም። ፊቱ ቀላ አለ። እግሮቹን አየ። እሺ አለ።

ተጫወተ፣ አሸነፉም። ሜዳ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ «ጎበዝ ፋክትና!» እያለ ይጮህ ነበር፤ የካሪጋሉ ሰዎች «ሞርቲ ነው! ሞርቲ በሉ!» እያሉ ይሮጡ ነበር። ሰዓቱን ወደ ቤቱ አምጥቶ ከምድጃው በላይ ሰቀለው። አውርደው አልኩት። «ደህና ነው የሚሄደው፣» አለኝ።

መስከረም መጀመሪያ እሑድ ፍጻሜው ደረሰ። ተጋጣሚያችን ድሮምሊና ነው። የድሮምሊና ክለብ ጸሐፊ ታይግ ይባላል፤ የፋክትናና የጆሃና የአክስት ልጅ ነው። ስለ ጨዋታው ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ግማሹን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያየሁት። በአንድ ነጥብ እየመራን፣ አንድ ደቂቃ ሲቀር፣ ኳሷ በግባችን ፊት ወደ ሰማይ ወጣች። ከሥሯ ሰባት ዱላ ተነሣ። ከሰባቱ ዱላ መካከል አንድ ባዶ እጅ ወጣና ያዛት። ፋክትና ነው፤ በዚያ ክፉ ትከሻው። ሦስት ሰው ጀርባው ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጦ ወጣና እስከ መሐል ሜዳ መታት። ፊሽካው ተነፋ።

ዲንጆ ሣሩ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ፍሎሪ ሜዳውን አቋርጠው መጡ፣ ወንድማቸው ፊት ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ደህና ነበር» አሉ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ!

ዲንጆ ወደ ፋክትና ዞሩ። «ምን አለ?»

«ደህና ነበር ይላሉ።»

«አመሰግናለሁ በለው።»

እኔም ያን ቀን ስለ ፋክትና ያለኝን ንዴት ሁሉ ረሳሁት። እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ብቻ።

ሰኞ ጠዋት ወተት ለማስረከብ ተሰልፈን ነበር። ጋሪውም ትራክተሩም በወተት ቆርቆሮ ተሞልቶ፣ ሰዉ ሁሉ እየዘፈነ፣ ዋንጫው ከሱቁ መስኮት ላይ ሆኖ እያየን። ፋክትና ከኔ ኋላ ነው። ጠጋ አለኝና «ታይግ ትናንት መጥቶ ነበር፣» አለኝ።

«እንኳን ደስ አለህ ሊልህ?»

«አይ፣ ወረቀት ፈልጎ። እኔ ላም ላልብ ተመልሼ ሳለሁ በብስክሌት መጣ። ሱቅ ዝግ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ፖስታ ቤት መድረስ አለበት አለ።»

«ምን የሚጻፍበት ወረቀት?»

«አቤቱታ። ለካሪጋሉ መጫወቴን ሰምቷል።»

«እና ነገረህ? ባንተ ላይ የሚጽፈው መሆኑን በአፉ ነገረህ?»

«ታይግ ሐቀኛ ሰው ነው፣» አለ ፋክትና።

«አንተስ ምን አልክ?»

«ሁለት ቅጠል ይበቃሃል ወይ አልኩት።»

እዚያው የወተት ቆርቆሮዬ ላይ ተቀመጥኩ። ታይግ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ከዚያ ሰዓት ሥር ሆኖ፣ በፋክትና እስክሪብቶ አቤቱታውን ጽፎ ሄዷል። ፋክትና ዳቦና ቅቤም አቅርቦለታል። ታይግ ሲጽፍ ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝበት ከአንዱ እግሩ ሥር እንጨት አስገባለት። ይህን ሁሉ ረጋ ብሎ ነው የሚያወራኝ። ለመጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ከኋላ ያለው ሰው «ባት፣ ንዳ እንጂ! ወተቱ ቅቤ ሆነ!» አለኝ።

በማግስቱ አጥቢያው ሁሉ ሰምቶታል። ሱቅ በገባሁ ቁጥር የምሰማው ስድብ ለሱ ነው፤ የሚደርሰው ግን ለኔ ነው። «ያ አማችህ ቀጥሎ ማንን ወረቀት አበደረ? ዋንጫውንስ ለማን ሊሰጥ እሺ አለ?» ይሉኛል። ባለሱቋ ዋንጫውን በየጠዋቱ እየወለወለች «እስኪወስዱት ድረስ እንኳ ይብረቅ» ትላለች። ዲንጆ ለሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። በአራተኛው ቀን ወጡ፤ ያኔም ቀጥታ ፋክትና ቤት ነው የሄዱት። እኔንም ጠሩኝ።

«የአውራጃው ኮሚቴ ማክሰኞ ጉዳይህን ይሰማል፣» አሉት። «አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁህ። ለካሪጋሉ ተጫውተሃል ወይ? መልሱ አንድ ቃል ነው። አልተጫወትኩም። በል።»

ፋክትና ፊቱ ቀላ። «አል…»

«ቀጥል።»

«ጋሽ ዲንጆ፣ ሰዓቱ እኮ ግድግዳው ላይ ነው።»

«አውርደው!»

ሰዓቱን አወረድኩት። ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ከሌላው ግድግዳ ይልቅ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ የምድጃው ጭስ ነው። ሦስታችንም ያን ነጭ ክብ ቆመን አየነው። ዲንጆ ተቀመጡና ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«አርባ አንድ ዓመት፣» አሉ። «አንድ ቃል ነው የለመንኩህ። ለሰው ሁሉ እሺ ትላለህ፤ ለኔም አንዴ እሺ በለኝ፤ እሱም እዚያ እንቢ በማለት ነው።»

ምስኪኑ ፋክትና በዚህ ግራ ተጋባ። አየሁት፤ ከልቡ ሊሞክር ፈለገ። ማታ ማታ ላሞቹን ሲያልብ ቃሏን እየተለማመዳት እንደሆነ ጆሃና ሰምታለች። ላሞቹ ወተት ቀንሰው ነበር።

ማክሰኞ ሲደርስ አራት ሆነን ወደ ከተማ ወረድን፤ እኔ፣ ፋክትና፣ ዲንጆ፣ ከኋላ ደግሞ ፍሎሪ። ፍሎሪ «ለኳሱም ቢሆን ይመለከተኛል» ብለው ነው የተሳፈሩት፤ ያን ያሉት ለመስኮቱ ነው። ስብሰባው ከሆቴሉ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ በሚያይ ክፍል ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወደ ሃያ ሰዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲጋራ ያጨሳሉ። ታይግ በአዲስ ሱሪ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ነው። ፋክትናን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ፋክትና «ታይግ፣ እንዴት ነህ? ላሚቱ ወለደች?» አለው፤ ከሁሉ ሰው ፊት።

«ወለደች፣» አለ ታይግ ቀስ ብሎ።

ሊቀ መንበሩ ቀጭን፣ መነጽራም ሽማግሌ ናቸው። አቤቱታውን አነበቡ። ሁሉም እውነት ነው፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ሞርቲ የሚለው ስም፣ ሰዓቱ ሳይቀር። የዲንጆ ትንፋሽ ከጎኔ እንደ ጋለ ምጣድ ይንጨረጨራል። ከዚያ ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ያዙት።

ይህን ሁልጊዜ ያደርጋሉ፤ ደንብ ነው። ለስፖርት ማኅበራችን የሚቀርብ አቤቱታ በአገራችን በተሠራ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። የአገራችን ወረቀት ወደ ብርሃን ሲያነሡት በውስጡ እንደ ጥላ ያለ የፋብሪካ ምልክት ይታያል። ከእንግሊዝ እጅ ስንወጣ የወጣ ደንብ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሁላችንም እንረሳዋለን።

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አገላበጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ሁለተኛውን ቅጠልም አነሡ።

«ታይግ፣» አሉ፣ «ይህ ወረቀት ከየት ነው የመጣው?»

«ከ… ወረቀት ነው፣ ክቡር ሊቀ መንበር።»

«ወረቀት መሆኑንማ አየሁ። በውስጡ ዘውድ ይታየኛል። የእንግሊዝ ዘውድ።»

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የጆሃና ታናሽ እህት ሬና እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። በየገናው ለፋክትና የመጻፊያ ወረቀት ትልክለታለች፣ ይጽፍልኝ ይሆናል ብላ። ጽፎላት አያውቅም። መሳቢያው ሙሉ ነው።

«እሱ ነው የሰጠኝ!» ብሎ ታይግ ተነሣ፣ ጣቱን ወደ ፋክትና ዘርግቶ። «ወረቀቱን የሰጠኝ እሱ ነው!»

«ማን?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ፋክትና!»

«የከሰስከው ሰው?»

«አዎ!»

«ክሱን የጻፍክበትን ወረቀት ከተከሳሹ ለመንክ?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ። ከሳቁ መካከል «ቴምብሩንስ?» ሲል አንዱ ሰማሁ። ታይግ የባሰውኑ ቀላ፤ ቴምብሩንም ፋክትና ነበራ የሰጠው። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን መቱ። አቤቱታው በደንቡ መሠረት ስላልቀረበ አልተቀበልነውም፣ ውጤቱ እንዳለ ይጸናል አሉ። ዲንጆ ክንዴን ጨመቁኝ፤ ምልክቱ ለሳምንት ቆየ። አለቀ። ዋንጫው የኛ ነው።

ታዲያ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

ፋክትና ቆሟል። በዚያ ቁመቱ አምፖሉን ሊነካ ደርሷል። «ክቡር ሊቀ መንበር፣» አለ፣ «ታይግ የጻፈው እውነት ነው።»

እግዚአብሔር ይይልኝ፣ በዚያች ደቂቃ በዱላ ልለው ፈልጌ ነበር። የኮቱን ጅራት ይዤ ወደ ታች ጎተትኩ። አልተቀመጠም። ዲንጆ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከኋላ ፍሎሪ ሳል ጀመሩ፤ እንዲህ ያለ ሳል ሰምቼ አላውቅም፣ በሬ የታነቀ ነው የሚመስለው፤ ስለ ወንድማቸው ብለው የፋክትናን ድምፅ ሊሸፍኑ ነው የሚስሉት።

ሊቀ መንበሩ ሳሉ እስኪያልቅ ጠበቁ። «ምን አልክ፣ ልጄ?»

«ተጫውቻለሁ ነው የምልዎ። ሰዓትም ተሰጥቶኛል።»

ሊቀ መንበሩ «እኔ ፊት የተጻፈ ነገር አለ?» ብለው ጸሐፊያቸውን ጠየቁ።

«የለም፣ ጌታዬ። ውድቅ ሆኗል።»

«ባልተጻፈ ነገር ላይ ይህ ኮሚቴ ሰው አይሰማም። ተቀመጥ።»

«ግን…»

«ተቀመጥ ብያለሁ። ይህን ያህል ዓመት ሁለቱንም ስትጫወት አይቼሃለሁ። በሃምሳ ስምንትም ያን እሑድ እኔ ነበርኩ የጠበቅሁህ፣ ዝናብ ላይ፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ። አሁን እንኳ አንዴ የተባልከውን አድርግና ተቀመጥ።» ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ፦ «ቀጣዩ ጉዳይ።»

ተቀመጠ። ወንበሩ ጮኸ።

ወደ ቤት ስንመለስ ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ ዲንጆ ከፊት ወንበር ዞሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወረቀቱ የእንግሊዝ መሆኑን አውቀህ ነው የሰጠኸው?»

ፋክትና አሰበ። «ወረቀቱ ምን ሆነ? ወፍራም ነው። ቀለም አያሳልፍም።»

«አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?»

«ታይግ ጥሩ ወረቀት ነው ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት።»

ዲንጆ ወደ ፊት ዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ መኪናውን ላቆም ነበር። ሳቅ ነው። ከኋላ ፍሎሪም ጀመሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ፋክትና በመካከል ሆኖ የሚያስቀውን አላወቀም። እኔ አልሳቅሁም። ሳምንት ሙሉ በየሱቁ ስድቡን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ሰውየው ደግሞ ዋንጫውን በእጃችን ካስገባ በኋላ ተነሥቶ ሊወረውረው ነበር፣ አሁን እዚህ ተቀምጦ ስለ ወረቀት ውፍረት ያወራል።

«ባት፣» አለኝ ቤቱ ስንደርስ፣ «ነገ ልምምድ የለም አይደል?»

«ልምምድ? ጨረስክ እኮ! የመጨረሻህ ነበር!»

«እሱማ። ታይግ ነገ ድንች ያወጣል። ወረቀቱን ሲወስድ እረዳሃለሁ ብዬው ነበር።»

በሩን ዘጋሁት። በመኪናው ውስጥ ሆኜ የተናገርኩትን የአጥቢያ መጽሐፍ ላይ አልጽፈውም።

በማግስቱ ጠዋት ላሞቹን አልቦ፣ በብስክሌቱ ሰባት ማይል ሄዶ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ድሮምሊና ደርሷል። እኔ የደረስኩት ወደ አራት ሰዓት ነው፤ ጆሃና ምግቡን ጠቅልላ «እዚያ ማን ያበላዋል?» ብላ ልካኝ ነው። የታይግ ቤት በር ዝግ ነበር። ታይግ ከመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ቆሞ ወደ ማሳው ያያል። ፋክትና ከጎተራው መቆፈሪያ ፈልጎ አውጥቶ ብቻውን ሦስተኛው ፈር ላይ ደርሷል። በቀኝ እጁ መግፋት ስላቃተው በግራው ነው የሚቆፍረው፤ ከኋላው ድንቹ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ታይግ ባልዲ ይዞ ወጣ፤ ሰላም አላለም። ከፋክትና ኋላ ጎንበስ ብሎ ይለቅም ጀመር። ትንሽ ቆይቶ «ጠለቅ አድርገህ ቆፍር፣ ግማሹን እየቆረጥከው ነው፣» አለ።

ፋክትና ጠለቅ አድርጎ ቆፈረ። ቀና ሲል እኔን መኪናው ውስጥ፣ በደህና ጫማዬ፣ ምግቡን ጭኔ ላይ አድርጌ ሲያየኝ እጁን አወዛወዘልኝ።

«ባት!» ብሎ ጮኸ። «ጎተራው ውስጥ አንድ መቆፈሪያ ተርፏል!»